ማንም ሳያውጀው የሚጨምር ግብር

ስለ መንግሥትና ስለ ኑሮ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ ትልልቁ ነገር ይሄዳል፤ ወደ ግድቡ፣ ወደ ኮሪደር ልማቱ፣ ወደ ምንዛሪው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ፔይሮል ላይ ከስማችን ትይዩ ስላለች አንዲት ቁጥር ነው፤ ስለ ደመወዝ ገቢ ግብር። ሀብታምና ድሃ የሚራራቁት በትልልቅ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ አንድ ሠንጠረዥ ሳይነካ ረጅም ዓመት በመቀመጡም ይራራቃሉ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው እያንዳንዱ ብር ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ያኔ አንድ ዶላር ወደ 22 ብር ገደማ ስለነበር ከፍተኛው እርከን የሚጀምረው 500 ዶላር አካባቢ ከሚያገኝ ሰው ነው። በዚያ ዘመን 10,900 ብር እኮ የደህና ኃላፊ ደመወዝ ነው! ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ ለዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዋጋ ግን ዝም አላለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ።

እስቲ እናስላው። በ2008 የወር ደመወዙ 4,000 ብር የነበረ ሰው 497.50 ብር ግብር ይከፍላል፤ ይህ ከደመወዙ 12 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ደመወዙ እየተሻሻለ በ2017 መጀመሪያ 10,000 ብር ገባ እንበል። በዘይት፣ በጤፍና በቤት ኪራይ ሲለካ ይሄ ሰው ሀብታም አልሆነም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ቀርቷል። ግብሩ ግን 2,045 ብር ሆነ፤ ከ20 በመቶ በላይ ማለት ነው። ፓርላማ አልተሰበሰበም፣ አዋጅ አልወጣም፣ ዜናም አልተሠራለትም። ሰውየው በኑሮው ሲወርድ በግብሩ እርከን ወጣ።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ደመወዝ ሲጨምርም ነገሩ ያው ነው። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ። መልካም ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ ግን ከዚሁ ላይ 649.50 ብር ተመልሶ ወደ ሰጪው ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የደመወዝ ግብር እንዲቀንስ በተደጋጋሚ ሲጠይቅ ቆይቶ ሐምሌ 2017 ላይ ማሻሻያው ጸደቀ። ነፃው መነሻ 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ላለው። የ10,000 ብር ደመወዝተኛ በወር 395 ብር ተረፈው። ይህን ማናናቅ አልፈልግም፤ የአንድ ሰው የወር ትራንስፖርት ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን የቀድሞው ዝቅተኛ የ10 በመቶ እርከን ጠፍቶ ግብሩ ከ15 በመቶ እንዲጀምር ተደረገ። ከፍተኛው እርከን የሚጀምርበት 14,000 ብርም በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 100 ዶላር ቢሆን ነው። ከ500 ወደ 100! ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ በ1994ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው 150 ብር በዘመኑ ምንዛሪ ከ17 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የ2017ቱ 2,000 ብር በጸደቀበት ጊዜ ምንዛሪ 15 ዶላር አካባቢ ነበር። «ጤፍ የምንገዛው በብር እንጂ በዶላር አይደለም» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። በጤፍ ኪሎ ብንለካውም ግን የሚያጽናና ነገር አናገኝም።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። ሰባት በመቶው ጡረታ 805 ብር ነው፤ ግብሩ 2,100 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 8,595 ብር። በዚህ ብር አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ለቤተሰብ ትንሽ መላክ አለበት። በሕጉ ዓይን ግን ከአገሪቱ ከፍተኛ ተከፋዮች እርከን ለመድረስ የቀረው 2,500 ብር ብቻ ነው። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች «ዲግሪው ምን ጠቀመን?» ሲሉ ምሬት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለው።

መንግሥት ገንዘብ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። የምንሰበስበው ግብር ባለፉት ዓመታት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 10 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ቆይቷል፤ በዚህ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም አይስፋፋም። ጥያቄው «ከማን?» የሚለው ነው። ደመወዝተኛ የትም አያመልጥም፤ ገንዘቡ ተቆርጦ ነው የሚደርሰው። መርካቶ ስንገዛ ግን «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብለን ያልተጠየቅን ስንቶቻችን ነን? የሕንፃ ባለቤትም ብር በረከሰ ቁጥር የንብረቱ ዋጋ ይወጣለታል፤ በ2008ቱ አዋጅ ሲሸጠው ከጥቅሙ የሚከፍለው 15 በመቶ ነው። ከአክሲዮን የትርፍ ድርሻ የሚቆረጠው ደግሞ 10 በመቶ ነበር። እርግጥ ኩባንያው አስቀድሞ የትርፍ ግብር ስለሚከፍል ሁለቱን እንዲሁ ማነፃፀር አይቻልም። ቢሆንም የዋጋ ንረት ንብረት ያለውን እያነሳ ደመወዝ ብቻ ያለውን እየጎዳ ሳለ፣ ሠንጠረዡን ማስቀመጥ በተጎዳው ላይ ሁለተኛ ጭነት መጨመር ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ መረጃ በየወሩ ያወጣል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀት ወደ ፓርላማ ሲቀርብ፣ በዚያው መረጃ ልክ የተስተካከለ የግብር እርከን አብሮ ይቅረብ። ገቢዬ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ የገንዘብ ሚኒስቴር ደግሞ ምጣኔውን በግልጽ ለመጨመር ረቂቅ ይዞ ይምጣ፤ ያኔ ቢያንስ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ እናያለን።