ክርክርን ማን አሸነፈ?

በቤር ሼቫ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ክርክር ሲወዳደሩ ወላጆች «ዳኛው አሸናፊውን በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቃሉ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገር ቤት በበላ ልበልሃ ሙግት ባለጉዳዮች ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር፤ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

የውድድር ዳኛ ሦስት ነገር ይጠብቃል። አንደኛ፣ የራሱን አስተያየት ትቶ የተባለውን ብቻ ይመዝናል። ሁለተኛ፣ ተቃራኒው ወገን ያልመለሰውን ነጥብ እንደጸና ይቆጥራል። ሦስተኛ፣ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይናገራል።

ስለዚህ ዕብራይስጡ የሚሰባበር ልጅ፣ ዋናው ነጥቡ መልስ ካጣ፣ ሊያሸንፍ ይችላል። አንደበቱ ያማረው ግን ጥያቄውን ከሸሸ ይሸነፋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲሸነፍ «በቋንቋህ ነው» አትበሉት። «ሳትመልሰው የቀረኸው ጥያቄ የትኛው ነው?» በሉት።