ዝርዝሩ ሲለወጥ መስኮቱ ምን ይነገረዋል?

አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ የክምችት ዝርዝሩን ከፍታ 214ኛውን ረድፍ መርጣለች እንበል። ዋጋውን ልታርም ስትል ባልደረባዋ ከሌላ ኮምፒውተር አዲስ መድኃኒት ይመዘግባል፤ 12ኛ ላይም ይገባል። እሷ የመረጠችው አሁን 215ኛ ሆኗል። ፕሮግራሙ ይህን ካልተከታተለ ወይ ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመለስባታል፣ ወይ ደግሞ ምርጫው 214 ላይ ይቀርና ሳታውቀው የሌላ መድኃኒት ዋጋ ትለውጣለች። ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው፤ ስሕተቱ አይታይምና።

መረጃን ከሚታይበት መስኮት የመለየት ሐሳብ የቆየ ነው። ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዜሮክስ ፓርክ ሳለ ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር የተባለውን አወቃቀር ነደፈ። በስሞልቶክ ቋንቋ ሞዴሉ «ተለውጫለሁ» ሲል የተመዘገቡት መስኮቶች ራሳቸውን ያድሳሉ። ለአንድ ቁጥር ይህ ይበቃል። ለዝርዝር ግን የትኛው ረድፍ እንደተነካ ካልተነገረ አይበቃም።

ስለዚህ ኋላ የመጡት የመስኮት መሥሪያ መሣሪያዎች መልእክቱን አብራሩት። የጃቫው ስዊንግ ሦስት ማስታወቂያ አለው፦ ከዚህ እስከዚያ ያለው ተጨመረ፣ ወጣ፣ ይዘቱ ተለወጠ። የመጀመሪያው በትክክል ከተላከ የባለሙያዋ ምርጫ ራሱ ወደ 215 ይዛወራል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ደብሊውፒኤፍ መተካትንና ማዘዋወርን ለይቶ ይናገራል፤ «ሪሴት» የሚባልም አለው፤ ትርጉሙ «ሁሉንም እንደ አዲስ አንብብ» ነው። ጂቲኬ 4 በአንድ ምልክት ይጨርሰዋል፦ ከዚህ ቦታ ጀምሮ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ገባ። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው።

ኪውት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስነግራል፤ ረድፉ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ። አሰልቺ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። መስኮቱ የረድፎችን አድራሻ ይዞ ስለሚሠራ ቀድሞ ካልተነገረው የያዘውን አድራሻ ማስተካከል አይችልም። ይህን የዘለለ ፕሮግራመር ፕሮግራሙ ያለምክንያት ሲዘጋ እያየ ቀናት ያባክናል።

ሁለት ነገር ልጨምር። በደብሊውፒኤፍ የተለመደው ዝርዝር 10,000 ረድፍ አንድ በአንድ ሲጨመርበት 10,000 ማስታወቂያ ይልካል፤ መስኮቱም ይንቀረፈፋል። በስዊንግ ደግሞ ዳታው ከሌላ ትሬድ ቢመጣ እንኳ የሚታየው ዝርዝር የሚለወጠው መስኮቱን በሚመራው ትሬድ ላይ ብቻ መሆን አለበት።

ሪሴት መላክ ቀላል ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን 214ኛው ረድፍ ላይ የቆመችውን ሴት አስቧት።