ስለ ጤና ልማድ የሚቀርብ ጥያቄና የነጋዴው ድርሻ

ቁናው የተዛባበት ነጋዴ ሒሳቡ ሁሉ እንደሚዛባ የታወቀ ነው። የሕዝብን የአኗኗር ልማድ ከጤና ጋር አያይዞ ለመመርመር የሚዘጋጀው የጥያቄ ወረቀት፥ ማለትም መጠይቅ፥ እንደዚሁ መስፈሪያ ነው። አጠያየቁ ትክክል ካልሆነ የሚሰበሰበው መልስ ዋጋ አይኖረውም።

ለዳባትና ለአካባቢው ሰው ጠያቂ በደጁ መቆሙ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ፥ ኋላም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፥ ሞትን፥ ጋብቻንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ ሲመዘግብ ቆይቷል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዓለም የጤና ድርጅት ዘዴ በመላ አገሪቱ ጥናት አካሂዷል። ዘዴው ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ስለ ትምባሆ፥ ስለ መጠጥ፥ ስለ ምግብና ስለ አካል እንቅስቃሴ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ክብደት፥ ቁመትና የደም ግፊት ይለካል፤ በመጨረሻም ደምና ሽንት ይመረመራል።

ችግሩ የሚነሣው ከመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከቆላ አህያውን ነድቶ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ደባርቅ ገበያ የሚደርስ ገበሬ «ስፖርት ይሠራሉን?» ቢባል «አልሠራም» ይላል። በሳምንት ስንት ቀን፥ በቀንስ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚሄድና ሸክም እንደሚሸከም ሲጠየቅ ግን እውነተኛው ድካሙ ይታወቃል። ጠላም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ቤት ጣሳ ከሌላው ቤት ብርጭቆ ስለሚለይ፥ «ስንት ጠጡ?» ከማለት በፊት የመጠጫውን ልክ በሥዕል ማሳየት ይገባል። በሁዳዴ «ትናንት ምን ተመገቡ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ወተትና እንቁላል ባይጠቅስ ስለ ጾሙ እንጂ ስለ ዓመቱ ልማድ አልተናገረም። ስለዚህ ጥያቄው የፍስኩንና የጾሙን ወራት መለየት አለበት።

የጨው ነገር ከሁሉ ይልቅ ነጋዴውን ይመለከታል። «ጨው አላበዛም» የምትል የቤት እመቤት በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውን አትቈጥረውም። በ2015ቱ ጥናት የሽንት ምርመራ ያመለከተው የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሲሆን፥ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

በሌላ በኩል በተራራማ አገር ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ፥ እንቅርትን ለመከላከል ትንሽ ቢሆንም አዮዲን ያለበትን ጨው መመገብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ጠያቂው ይህን በቃል ብቻ አያምንም፤ ከቤቱ ጨው ጥቂት ወስዶ መመርመሪያ ፈሳሽ ያንጠባጥብበታል። ጨው ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ አዮዲን አለው። ሳይለወጥ ሲቀር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የእመቤቲቱ አይደለም፤ ከረጢቱ አፉን ከፍቶ በፀሐይና በእርጥበት ውስጥ የቆየ እንደ ሆነ አዮዲኑ ገና ከሱቁ ሳይወጣ ይቀንሳል።

ከዚህ የተነሣ የነጋዴው ድርሻ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ ለሚሸጠው ጨው ደረቅና ጥላ ያለው ስፍራ ማዘጋጀት፥ የታሸገውንም ማስቀደም ነው። ሁለተኛው፥ ራሱ ሲጠየቅ የሚመለከት ነው። አንዳንድ ባለሱቅ ጠያቂውን የግብር ሰው መስሎት በሩን ይዘጋል፤ ወይም የሲጋራውንና የመጠጡን ቁጥር ያሳንሳል። ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ደብዳቤ እንዲያሳየው ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ በጥናቱ መሳተፍም በፈቃድ እንጂ በግዴታ አይደለም። ከፈቀደ በኋላ ግን ያልሆነውን መናገር በጎደለ ቁና እንደ መስፈር ይቈጠራል፤ ጉድለቱም መድኃኒትና ሐኪም በሚታደልበት ጊዜ በራሱ ቤተ ሰብና በደንበኞቹ ላይ ይደርሳል።