ስለ ሞት መነጋገር ሟርት አይደለም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በየቤታችን ግን ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ሐኪሙ የበኩር ልጅን ለብቻው ጠርቶ ይነግረዋል፤ እሱ ለእህቶቹ፣ እህቶቹ ለአጎት፣ አጎት ደግሞ ውጭ አገር ላሉት ይነግራሉ። በመጨረሻ ነገሩን ያልሰሙት አልጋው ላይ የተኙት እናት ብቻ ይሆናሉ። ወይም እሳቸውም ያውቃሉ፤ ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለው ያላወቁ ይመስላሉ።

ከዚያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ጥያቄዎቹ በአንድ ሌሊት ይደራረባሉ። የመተንፈሻ መሣሪያ ይደረግላቸው? ቤት ተሽጦ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ ይወሰዱ? ወደ ቤት እንመልሳቸው ያለ ልጅ ካለ፣ "ተስፋ ቆረጥክባቸው" የሚለው ዘመድ አይጠፋም። እናት ራሳቸው ምን ይፈልጉ እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም። ማንም አልጠየቃቸውማ!

የካቶሊክ ቁምስናዎች ስለ ሕይወት ፍጻሜ የሚያዘጋጁት የውይይት መርሐ ግብር ዓላማው ይህንን ጥያቄ ከሆስፒታል ኮሪደር አውጥቶ ወደ ሳሎን ማምጣት ነው። ቆሞስዎ "እስቲ እርስዎ ያስተባብሩልን" ቢሉዎት ከየት ይጀምራሉ? የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆኑም ለቤተሰብዎ የሚሆን ነገር አያጡበትምና አብረን እንየው።

ከመርሐ ግብሩ በፊት

መጀመሪያ ሦስት ሰዎችን ያግኙ፤ አንድ ካህን፣ አንድ ሐኪም ወይም ነርስ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ። እርስዎ የሦስቱንም ሥራ ለመሥራት አይሞክሩ። የአስተባባሪ ሥራ ሰዎች ሳይፈሩ እንዲናገሩ ማድረግና ሰዓት መጠበቅ ነው።

ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል። ወላጆችና ያደጉ ልጆች አብረው ቢመጡ ይመረጣል፤ ለየብቻ የሰሙትን በኋላ ለየብቻ ይተረጉሙታልና። ባል ካቶሊክ፣ ሚስት ኦርቶዶክስ የሆኑባቸው ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ጥሪው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ቡና ይፈላ፤ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት እየሆነ ክብ ሠርቶ ይቀመጥ። በሰልፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው የለም።

ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

ብዙ ምእመን ቤተ ክርስቲያን ሕይወት በማንኛውም ዋጋ እንዲራዘም ታዛለች ብሎ ያምናል። እንዲያ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ግዴታ ያለበት በተለመደው መንገድ እንጂ እጅግ ከባድ ሸክም በሚሆንበት መንገድ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው መግለጫም፣ ታማሚ በቤተሰቡ ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ እንዳይመጣ ብሎ እንዲህ ያለውን ሕክምና ቢተው ራሱን እንደ ማጥፋት አይቆጠርም ይላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ድንበሩን በሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ያሰምራል። ቁጥር 2277 ሆን ብሎ የታማሚን ሕይወት ማሳጠርን አጥብቆ ይከለክላል። ቁጥር 2278 ከሚያስገኘው ውጤት ጋር የማይመጣጠን፣ የሚያሰቃይ ወይም አደገኛ ሕክምናን ማቆም ይፈቀዳል ይላል፤ ውሳኔውም አቅሙ እስካለው ድረስ የታማሚው ራሱ ነው። ቁጥር 2279 ደግሞ ተራው እንክብካቤ ፈጽሞ እንዳይቋረጥ ያዝዛል፤ የሞት ፍላጎት እስከሌለ ድረስም ዕድሜን ሊያሳጥር የሚችል ማስታገሻ ሳይቀር መስጠትን ይፈቅዳል። ምግብና ውኃስ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2004 በቱቦ የሚሰጥ እንኳ ቢሆን በመሠረቱ ተራ እንክብካቤ ነው ብለዋል።

ይህ በንግግር ብቻ አይገባምና ለየቡድኑ ሁለት ምሳሌ ይስጡ። የ45 ዓመት እናት ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸዋል፤ ለጥቂት ቀናት የመተንፈሻ መሣሪያ ቢደረግላቸው ሐኪሙ ይድናሉ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። የ80 ዓመት አባት ደግሞ ካንሰራቸው ተሠራጭቶ ትንፋሻቸው እየከበደ ነው፤ ሐኪሙ መሣሪያው ሥቃያቸውን ከማራዘም በቀር እንደማይጠቅም ተናግሯል፤ እሳቸውም "ቤቴ ውሰዱኝ" ብለዋል። መሣሪያው አንድ ነው፤ መልሱ ግን አንድ አይሆንም። ቡድኑ "ይህ ሕክምና ለዚህ ሰው ምን ያስገኝለታል? ምንስ ይጭንበታል?" ብሎ መጠየቅ ከለመደ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ካህን ሲጠራ

ሌላው ፍርሃት የካህን መምጣት ነው። "ቄስ ከመጣ አለቀልኝ ይላሉ" እየተባለ ታማሚው ራሱን እስኪስት ይጠበቃል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ፣ የቅብዓት ምስጢር "የሕሙማን ቅብዓት" ቢባል እንደሚሻልና በሞት አፋፍ ላይ ላሉ ብቻ እንዳልሆነ ገልጿል። በከባድ ሕመም፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት ወይም እርጅና አቅም ሲያሳጣ መቀበል ይቻላል፤ ሕመሙ ከበረታም ይደገማል። የመጨረሻው ስንቅ ቅዱስ ቁርባን ነው። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ንስሐ መናዘዝም ሆነ መቁረብ አይችልም። ስለዚህ ካህኑ ታማሚው እያወራ፣ እየሳቀም ሳለ ይጠሩ።

ሕመምና ወረቀት

ሐኪሙ ወይም ነርሷ ስለ ሞርፊን በግልጽ እንዲናገሩ ጊዜ ይስጧቸው። "ሞርፊን ከተጀመረ አለቀለት" የሚለው ወሬ ብዙ ታማሚ ያለ ምክንያት እንዲሠቃይ ያደርጋል። በሐኪም ቁጥጥር በተገቢው መጠን ሲሰጥ ሥራው ሕመምን ማስታገስ ነው። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው እንክብካቤ በሽታው በማይድንበት ጊዜም ሰውየውን ማከም ይቀጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ታማሚዎችን በየቤታቸው ሄዶ ይረዳል። "ምንም ማድረግ አይቻልም" ለተባለ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

የሕግ ባለሙያው ስለ ኑዛዜ ያስረዱ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ተናዛዡ ብቻውን የሚጽፈው ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አስፍሮ መፈረም አለበት። አንዱ ሲጎድል ወንድማማች ፍርድ ቤት ይቆማል።

እንባ ቢመጣስ?

ይመጣል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ተነሥቶ "አባቴን ከመሣሪያው ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ገደልኩት ማለት ነው?" ይላል። ለማጽናናት አይቸኩሉ፤ "ሌላ ጥያቄ ያለው?" ብለውም አይለፉ። ዝም ብለው ይስሙት፣ ቤቱም ዝም ይበል፤ ከዚያ ካህኑ ለብቻው እንዲያነጋግሩት ያድርጉ። ለዓመታት ማንም ያላነሣለትን ሸክም የሚያራግፈው ያን ቀን ሊሆን ይችላል። የካህኑ ቦታ ስለዚህ አስቀድሞ በጎን ክፍል ይዘጋጅ።

ሲለያዩ ለየቤተሰቡ ሦስት ጥያቄ የያዘ ወረቀት ይስጡ። መናገር ባልችል ስለ እኔ ማን ይናገርልኝ? ከምንም በላይ የምፈራው ምንድን ነው? የመጨረሻ ቀኖቼን የት፣ ከማን ጋር ባሳልፍ ደስ ይለኛል? መልሱን ወላጆች ይናገሩ፣ ልጆች ይጻፉት። ውጭ አገር ያሉትም በቪዲዮ ስልክ ይገኙ፤ ከአውሮፕላን ወርዶ "ለምን ሁሉም ነገር አልተደረገም?" የሚለው ብዙ ጊዜ ውይይቱ ላይ ያልነበረው ልጅ ነውና።

እናትዎ "ምን በወጣኝ፣ ልትቀብሩኝ ነው?" ብለው ቢቆጡ አይደንግጡ። ለዛሬ ይተዉት፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡና በሌላ ቀን ቡና ሲፈላ ያንሡት። ያን ጊዜ መልሱን ከራሳቸው አፍ ይሰሙታል።