ለቀላል ቀስት የትኛው ስለት?

ለአረፋ በዓል አሰላ ወላጆቼ ቤት በገባሁ ማግስት፣ የ14 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ሻንጣዬን አስከፍቶ ያመጣሁለትን ቀስት ተረከበ። ቀስቱን ገና በቅጡ ሳያየው ዓይኑ የፍላጻዎቹ ጫፍ ላይ አረፈ። እንደ ተቀረጸ እርሳስ ድቡልቡልና ሹል ናቸው።

"አክስቴ፣ ያንቺዎቹ ምላጭ ያላቸውስ የታሉ?" አለኝ። ስልኬ ላይ በፎቶ ያያቸውን ማለቱ ነው። ያስከተለው ጥያቄ ደግሞ አባቴን ከተደገፉበት ትራስ ቀና አደረጋቸው። "ጭላሎ ወጥተን አጋዘን ማደን አንችልም?"

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉበት ግዛት ነው። እዚያ የአጋዘን የቀስት አደን የሚከፈተው እኛ አዲስ ዓመታችንን በምንቀበልበት ሰሞን ሲሆን፣ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ይቆያል። ፈቃድ ያወጣ ሰው ያድናል፤ ሥጋውንም ለቤቱ ያስገባል። እኔም በሥራ ባልደረቦቼ ጉትጎታ ጀምሬ ሳላስበው ለመድኩት። ለልጁ ጥያቄ "አይቻልም" ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ስለ ቀስት ጉልበት፣ ስለ ስለትና አንድ ጊዜ ስለሠራሁት ስህተት መናገር ነበረብኝ። ዘመዶቻቸው ውጭ አገር የሚያድኑ፣ ልጆቻቸውም ቀስት የሚያምራቸው ቤተሰቦች ስለማይጠፉ እዚህም ላካፍላችሁ።

ጉልበቱ ስንት ነው?

የቀስት ጉልበት የሚለካው አውታሩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ በሚጠይቀው ክብደት ነው። ጠንካራ አዳኞች 60 ወይም 70 ፓውንድ፣ ማለትም ከ27 እስከ 32 ኪሎ የሚጠይቅ ቀስት ይስባሉ። የእኔ 40 ፓውንድ ነው፤ 18 ኪሎ ገደማ። ሴቶች፣ ወጣቶችና ትከሻቸውን የሚያማቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት እንዲህ ዓይነቱን ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን አደን ከ30 ፓውንድ ያላነሰ ቀስት ስለሚፈቅድ የእኔ ሕጋዊ ነው። ሕጋዊ መሆንና በቂ መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ከእንዲህ ዓይነቱ ቀስት በሰከንድ 60 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ፣ የሚይዘው ጉልበት 47 ጁል ያህል ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 2000 ጁል ይይዛል፤ ከ40 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጥይት አጥንት ይሰብራል፣ ሥጋ ያፈርሳል። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ነው። ሳንባና ልብ ዘንድ ደርሶ የደም ሥሮችን ከቆረጠ እንስሳው ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ካልደረሰ ቆስሎ ይሸሻል፤ ሥቃዩም ለቀናት ሊዘልቅ ይችላል። ባለ 70 ፓውንድ ቀስት በስለት ምርጫ ቢሳሳት ጉልበቱ ይሸፍንለታል። ባለ 40 ፓውንዱ ግን የሚሸፍንለት የለም።

ያላገኘሁት አጋዘን

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በሁለተኛው የአደን ወቅቴ የገዛኋቸው ስለቶች ሲበሩ ምላጫቸው የሚታጠፍ፣ እንስሳውን ሲመቱ የሚከፈቱ ነበሩ። ሲከፈቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ሻጩ አወደሳቸው፤ እኔም ሰፊ ቁስል ማለት ፈጣን ሞት ነው ብዬ አመንኩ።

በ22 ሜትር ርቀት አንዲት አጋዘን ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ለቀቅኩ፤ መታኋትም። ፍላጻው ግን ጥቂት ገብቶ ቆመ፣ ስትሮጥም ወደቀ። ሳነሳው ደም የነካው ከጫፉ አንድ ጣት የማይሞላ ያህሉን ብቻ ነበር። ከአንድ ልምድ ካለው ባልደረባዬ ጋር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በባትሪ ፈለግናት፤ ሲነጋም ተመለስን። ደሟ አንድ ጅረት ዳር ደርሶ ጠፋ። አላገኘናትም።

ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ምላጮቹን ለመክፈት ራሱ ጉልበት ይጠይቃል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆዳና ጡንቻ እየቆረጡ መግባትም ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። የእኔ ቀስት ለሁለቱም የሚበቃ አልነበረውም። ያለውን በበር ላይ ጨርሶ ሳሎን ሳይገባ ቀረ።

ስለት ሲመረጥ

ቀላል ቀስት ያለው ሰው ስለት ሲገዛ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የማይታጠፍ ይሁን። የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር የሌለው፣ ምላጩ በቋሚነት የተሠራ ስለት ጉልበቱን ሁሉ ለመቁረጥ ያውለዋል።

ሁለት ምላጭ ይበቃዋል። ሦስትና አራት ምላጭ ያላቸው ስለቶች ብዙ ይቆርጣሉ፤ ግን በእያንዳንዱ ምላጭ ልክ ሥጋው ይይዛቸዋል። የሚኒሶታ ሕግ ቢያንስ ሁለት የብረት ምላጭና 22 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይጠይቃል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ለቀላል ቀስት ይስማማል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፍላጻ እንስሳ ውስጥ እንዴት እንደሚዘልቅ በደቡብ አፍሪካ ናታል ያጠኑት አሜሪካዊው ዶክተር ኤድ አሽቢም የሚመክሩት ርዝመቱ የስፋቱን ሦስት እጥፍ ያህል የሆነ፣ ጠበብ ያለ ባለ ሁለት ምላጭ ስለት ነው። ጠባቡ ስለት በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ቢወጣ፣ ሰፊው ገብቶ ከሚቀር ይሻላል። ሁለት ቀዳዳ የበለጠ ያደማል፤ ለፍለጋም ዱካ ይተዋል።

ከጫፉ ጀምሮ ይቁረጥ። አንዳንድ ስለት ጫፉ ድፍን ሾጣጣ ብረት ሲሆን ምላጩ የሚጀምረው ከኋላ ነው። ይህ መጀመሪያ ወግቶ ከዚያ ይቆርጣል። የደነዘ ቢላዋ ቲማቲም ላይ ስታሳርፉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ቆዳውን ይጫነዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለቀላል ቀስት የሚሆነው ጫፉ ራሱ ስለት የሆነው ነው።

የተሳለ ይሁን። ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ስለት ሁሉ ስል ነው ማለት አይደለም። ክንድ ላይ ያለን ፀጉር የማይላጭ ከሆነ ወደ ሞረዱ ይመለስ። አንዴ መሬት ወይም እንጨት የነካም እንደገና ሳይሳል ለአደን አይውልም።

ፍላጻው በጣም አይቅለል። ቀላል ፍላጻ ፈጣን ነው፤ ሥጋ ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደክማል። ከበድ ያለው ቀስ ብሎ ቢበርም ገፍቶ ይገባል። በብዛት የሚሸጡት ስለቶች 6.5 ወይም 8 ግራም ናቸው፤ ከፊት ከበድ ለማድረግ ሁለተኛውን መምረጥ ይቻላል። የልምምዱ ጫፍና የአደኑ ስለት ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ያለዚያ ልምምዱ ለሌላ ፍላጻ ይሆናል።

ቀጥ ብሎ ይብረር። ስለቱ የታሰረበትን ፍላጻ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት። ጫፉ ከተወላገደ ለአደን አይሆንም። ከዚያ በልምምድ ጫፍና በስለት ተራ በተራ በ20 ሜትር ርቀት መወርወር ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ካላረፉ ቀስቱ መስተካከል አለበት። እየተወላገደ የሚበር ፍላጻ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ወደ ጎን ያባክናታል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የመጨረሻው ውሳኔ የአዳኙ ነው። እኔ ዛሬ ከ18 ሜትር በላይ አልወረውርም። እንስሳው ጎኑን ካልሰጠኝ፣ ፊት ለፊት ከቆመ ወይም ትከሻው ከከለለው እተወዋለሁ። በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

"ሥጋውስ ይበላል?"

ይህን የጠየቁኝ አባቴ ናቸው። በእስልምና የአደን ሥጋ ሐላል የሚሆነው አዳኙ ፍላጻውን ሲለቅ የአላህን ስም ካነሳና እንስሳውን የገደለው ስለቱ ከሆነ ነው። ዐዲይ ኢብኑ ሐቲም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚሁ በጠየቁ ጊዜ፣ በስለቱ የተመታው እንዲበላ፣ በጎኑ ተመትቶ በምት ብቻ የሞተው ግን እንዳይበላ መመለሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በሕይወት ከተደረሰበት ደግሞ ይታረዳል። ስለዚህ ለሙስሊም አዳኝ ስል ስለት የሃይማኖትም ጉዳይ ነው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጓደኞቼ በበኩላቸው ሥጋውን ቤታቸው ከማስገባታቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ጠይቀዋል።

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ልጅ ሳለን ለአረፋ በግ ሲያርዱ ቢላዋውን ጓሮ ዞረው ነበር የሚሞርዱት፤ በጉ እንዳያየው። ያላገኘኋትን አጋዘን ለቤተሰቤ የተናገርኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አርሲ ላይስ?

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ከአሰላ ጀርባ ከ4000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጭላሎና ተከታዮቹ የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን አገር ናቸው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአርሲ ተራሮች ላይ ገድሎ ናሙናውን ከወሰደ በኋላ ሲሆን፣ ስሙም ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ሰው ተሰየመ። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እሱ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት እንስሳት መካከል ተመዝግቧል።

በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ በገንዘብና በእስራትም ያስቀጣል። በሙኔሳ አካባቢ እንደሚደረገው፣ ለአደን በተከለሉና ቁጥጥር ባላቸው ቦታዎች የሚያድኑት ከፍተኛ ክፍያ ከፍለው ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ናቸው። ለበዓል የመጣች አክስትና የወንድሟ ልጅ ቀስት አንግተው የሚወጡበት አይደለም።

ሕጉ ባይኖር እንኳ የእኔ ቀስት አይበቃም። የሚኒሶታ ወንድ አጋዘን በአማካይ 77 ኪሎ ያህል ነው። ወንድ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ቆዳውና የጎን አጥንቱም በዚያው ልክ ነው። ለአንዱ የሚሆን ስለት ለሌላው አቁስሎ መልቀቂያ ይሆናል።

ልጁ ቅር ሲለው ሌላ ነገር ነገርኩት። ከአርሲ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ጋዴሞታ የሚባል ቦታ አለ። ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ እዚያ የተገኙ ከ279,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት ጫፎች በእጅ በተወረወረ ጦር ላይ የታሰሩ እንደነበሩ ከስብራታቸው ደርሰውበታል። የክንድ ጉልበት ብቻ የነበረው ሰው ያን ጊዜም ያሰበው ስለ ጫፉ ነበር። "እና እኔ ለምን አላስብም?" አለኝ ልጁ። አስብ፣ ግን በልምምድ ጫፍ ጀምር አልኩት።

ለቤተሰብ የሚሆነው

ለጀማሪ ልጅ ከ15 እስከ 20 ፓውንድ የሚጠይቅ ቀስት ይበቃል። ጫፉ ድቡልቡሉ የልምምድ ጫፍ ይሁን። የአደን ስለት ልጅ እጅ አይግባ፤ አዋቂም ቢሆን በባዶ እጅ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ መፍቻ ነው የሚያስረው፤ ስለቱም ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ዒላማውን አባቴ ሠሩት። ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት አምጥተው የገብስ ጭድ በእግራቸው እየረገጡ ጠቀጠቁበትና ሰፉት። የተጠቀጠቀ ጭድ የልምምድ ጫፍን ሳይጎዳ ያቆማል። ያቆምነው የጓሮው አፈር ቁልል ፊት ነው፤ የቆርቆሮ ወይም የባሕር ዛፍ አጥር የሳተ ፍላጻ አያስቆምም። ደንቡም ሦስት ነው። አዋቂ ከሌለ ቀስት አይነሳም፤ ሁሉም ከወርዋሪው ኋላ ይቆማል፤ ፍላጻ የሚለቀመው ቀስቱ መሬት ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፍላጻ ሳይሰኩ አውታር ስቦ መልቀቅም ቀስቱን ይሰብራል።

የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ የአንድ ሳህን ስፋት ቢሆን ነው። ከረጢቱ ላይ በከሰል የሳህን ክብ ሣልኩለትና፣ በ15 ሜትር አምስቱንም ፍላጻ እዚያ ውስጥ በተከታታይ ማሳረፍ ሲችል ስለ ምላጮቹ እንደገና እንደምንነጋገር ተስማማን። ከተመለስኩ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ የከረጢቱን ፎቶ ይልክልኛል። የመጨረሻው ላይ ሦስቱ ገብተዋል፣ ሁለቱ ወጥተዋል።