የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ እንዳይቀር፦ የክላውድ «ተራ አስከባሪ» ሥራ

ነሐሴ ነው እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ጉና ላይ ዶፍ ሲወርድ አምሽቷል። ወረታ ላይ ግን ጠብ አላለም፤ ሰው ተኝቷል። ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ፎገራ ሜዳ እየወረዱ ነው።

የአካባቢው ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። ጎርፉ የሚመጣው ሜዳው ላይ ከዘነበው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከደጋው ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል።

ግን አንድ ጥሩ ነገር አለ። ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መልእክት ከደረሰ ከብት ይወጣል፣ እህል ከፍ ይላል፣ ልጆችና አቅመ ደካሞች ይሻገራሉ። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ መልእክት ነው።

📌 አሁን ምን አለ?

የሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሞባይል ኔትወርክ መረጃ የሚልኩ አውቶማቲክ ጣቢያዎች አሉት። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ጽ/ቤት (ኤንትሮ) በክረምት የጎርፍ ትንበያ ያወጣል፤ ከሚከታተላቸው ቦታዎች አንዱ የጣና ዙሪያና የፎገራ ሜዳ ነው። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች መስመር ደግሞ ምክርና ማስጠንቀቂያ በተራ ስልክ እንደሚደርስ አሳይቶናል።

አሁን አንድ እርምጃ ወደፊት እናስብ። በርብና በጉማራ ድልድዮች ላይ ሲም ካርድ ያለው የውሃ ከፍታ መለኪያ ቢተከል፣ በየቀበሌው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያ ቢኖር፣ የሺዎች ስልክም ከአንድ ሰርቨር ጋር ቢገናኝስ?

በጋ ላይ ምንም ችግር የለም። መለኪያው አልፎ አልፎ «ደህና ነኝ» ይላል፣ አለቀ። በዚያች የነሐሴ ሌሊት ግን ሁሉም መለኪያ በየደቂቃው ይልካል፤ ሺህ ሰው ባንዴ ስልኩን ይከፍታል። ያ አንድ ሰርቨር ይታፈናል። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይወድቃል ማለት ነው።

📌 ተራ አስከባሪው ማነው?

ወረታ መናኸሪያን አስቡት። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ተራ አስከባሪ ባይኖር ሰው ሁሉ አንዱ ሚኒባስ ላይ ይጋፋል፤ ጎኑ ያለው ባዶውን ይቆማል። ሰርቨሮች ፊት ቆሞ ይሄን ሥራ የሚሠራው ሎድ ባላንሰር ይባላል።

👉 ያከፋፍላል፦ የመጣውን ተራ በተራ፣ ወይም ሸክሙ ወደ ቀለለው ሰርቨር ይልካል።
👉 ጤና ይጠይቃል፦ በየጥቂት ሴኮንዱ እያንዳንዱን ሰርቨር «አለህ?» ይላል። መልስ ካላገኘ ሰው አይጭንበትም።
👉 ጭማሪ ሲመጣ ይቀበላል፦ ክላውድ ማለት የኪራይ ኮምፒውተር ነው። ጫናው ሲበዛ ሲስተሙ ራሱ ተጨማሪ ሰርቨር ይከራያል፣ ሲቀንስ ይመልሳል። ለክረምት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ማሽን መግዛት የለም።

📌 ዕቃዎች ግን ከሰው ይለያሉ

እናንተ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ግንኙነቱ አጭር ነው፤ አይታችሁ ትወጣላችሁ። መለኪያው ግን መስመሩን ከፍቶ ለሰዓታት ይቆያል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ኤምኪውቲቲ የሚባል የመልእክት ስልት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በሳተላይት ለሚከታተሉት የነዳጅ ቧንቧ መስመር ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ለደካማ ኔትወርክ ይስማማል።

ችግሩ ምንድነው? አዲስ ሰርቨር ብትጨምሩም ቀድመው የተሳፈሩት አይወርዱም። አሮጌው እንደሞላ፣ አዲሱ ባዶውን ይቆማል። ስለዚህ ተራ አስከባሪው «ተራው የማን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ላይ ስንት ሰው አለ?» ብሎ መቁጠር አለበት። አንዳንዴም ከሞላው ላይ ጥቂት ጥቂቱን እያወረደ ወደ አዲሱ ያዛውራል።

📌 መብራት ሲመጣ ያለው ግፊያ

ሌላው ፈተና ይሄ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ሴኮንድ «እኔን አገናኙኝ!» ይላል። ያኔ ተራ አስከባሪው ራሱ በሩ ላይ ይጨናነቃል።

መፍትሔው ያለው መሣሪያው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመሞከሩ በፊት የየራሱን ትንሽ ጊዜ በዘፈቀደ ይጠብቅ። ካልተሳካለት 2 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 8 እያለ ጊዜውን ያርዝም። ሁሉም ወዲያው ወዲያው ቢሞክር ማንም አይገባም፤ ትንሽ ትንሽ ቢጠብቅ ሁሉም ይገባል። «ወንዙ ሞላ» የሚለው መልእክት ደግሞ እንደ አምቡላንስ የራሱ መንገድ ይኑረው፤ ከተራ ሪፖርት ጋር አይሰለፍ።

📌 እውነቱን እንነጋገር

ታወሩ መብራት ካጣ ወይም ኔትወርኩ ከተቋረጠ ሎድ ባላንሰር ምንም አያደርግም። እሱ የሚያስተናግደው የደረሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤስኤምኤስ፣ የድምፅ ጥሪ፣ ባትሪ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ በመጨረሻም ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ ሰው አብረው መታሰብ አለባቸው።

ቁም ነገሩ፦ ብዙ ሰርቨር መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ የሚያከፋፍልም፣ ተራ የሚጠብቅም ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሲስተም የሚሠራ ሁሉ ደግሞ በጋ ላይ «ይሠራል» ብሎ መርካት የለበትም። ሁሉም መሣሪያ ባንዴ ሲጮህ ምን እንደሚሆን ክረምት ሳይገባ ይሞክረው። ነሐሴ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት መሞከሪያ ጊዜ አይደለም።

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ልጆች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት እየፈለጋችሁ ከሆነ ይኸውላችሁ። ለሚመለከተው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏