ነጩ ሩዝ በቤታችን፦ እንዴት እንምረጠው? እንዴት እናብስለው?

ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የመጡ ወላጆቻችን ሩዝን የዕለት ምግብ አድርገው አያውቁትም። እህላቸው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስና ዳጉሳ ነበር። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ እንኳ የሩዝ አገር የሆነው ከደርግ ዘመን ወዲህ ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ዝርያ ያመጡት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ በፎገራና በወረታ ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩበታል። እኛ ግን አብዛኞቻችን ከሩዝ ጋር የተዋወቅነው እስራኤል ከገባን በኋላ፣ በመርካዝ ክሊታና በልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው።

አሁን እዚህ ፔታህ ቲክቫ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማ፣ ኦሬዝ አለ?» ነው የሚለው። ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም ከጤፍ ይቀላል። እናት ምን ታድርግ? ታበስላለች። ስለዚህ ሩዝን በደንብ ማወቅ ይገባናል።

መጀመሪያ ምርጫው። በሱፐርም ሆነ በገበያ ብዙ ዓይነት አለ። ባስማቲ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲበስል ፍሬው ይለያያል፣ ለወጥና ለአልጫ ይስማማል። ጃስሚን መዓዛው ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ይያያዛል። ክቡ ሩዝ ለሾርባ፣ ለወተት ሩዝና በቅጠል ለሚጠቀለል ምግብ ነው። ከተቻለ ፍሬው ያልተሰባበረውን ምረጡ፤ ስብርባሪው ሲበስል ገንፎ ይሆናል። ሩዙን ሰሃን ላይ ዘርግቶ መልቀም ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በፋሲካ ጊዜ አሽከናዞች ሩዝ አይበሉም፤ ብዙ ስፋራዶች ግን ሦስት ጊዜ ለቅመው ይበላሉ። የራሳችሁን ቤት ሥርዓት ቄሱን ወይም ራቡን ጠይቁ።

አሁን ወደ ድስቱ። ለባስማቲ እንዲህ አድርጉ፦ ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ፤ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉና አጥልሉት። በትንሽ ዘይት ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፤ ሩዙን ጨምራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አገላብጡ። ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ብርጭቆ ተኩል የፈላ ውሃና ጨው ጨምሩ። ሲንተከተክ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሱ፣ ክደኑት፤ 15 ደቂቃ ያህል ክዳኑን አትክፈቱ፣ አታማስሉም። ከዚያ እሳቱን አጥፉና እንደተከደነ 10 ደቂቃ ይቆይ። በመጨረሻ በሹካ በቀስታ ፈልፍሉት። ክዳን እየከፈቱ ማማሰል ነው ሩዝን የሚያላቁጠው።

ስለ ሰንበት አንድ ነገር ልበል። አባቴ ቄስ ነበሩ። በመንደራችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ የቅዳሜው ምግብ ቀዝቃዛ ነው። ሩዝ ግን ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ቀን ጠረጴዛ ላይ ማደር የለበትም። በሩዝ ውስጥ መፍላት የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር አለ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዝ ይሠራል። ያ መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም፤ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ወይ ፕላታ ላይ በደንብ እንደሞቀ ይቆይ፣ ወይ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በሰፊ ዕቃ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ስኳር ነው። ወላጆቻችን ከአገር ቤት ሲመጡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። እዚህ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን በሽታው በማኅበረሰባችን መስፋፋቱን ሐኪሞች አጥንተው ጽፈዋል። ሩዝ ብቻውን አላመጣውም፤ ነጭ ዱቄቱም፣ ጣፋጭ መጠጡም፣ የእግር መንገዱ መቅረቱም አሉበት። ቢሆንም አንድ ብርጭቆ የበሰለ ነጭ ሩዝ 45 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ይህ ወደ 11 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጠጋል። አባባ ጣፋጭ አልበላሁም ቢሉም፣ ሩዙ በእንጀራ ላይ ቀርቦ ዳቦ ከተጨመረበት ስኳራቸው ለምን ከፍ እንዳለ ግልጽ ነው።

ታዲያ ሩዝ ይከልከል? አይደለም። በአንድ ማዕድ ወይ ሩዝ፣ ወይ እንጀራ፣ ወይ ዳቦ ይሁን። የሰሃኑን ግማሽ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡን ምስር፣ ሽሮ ወይም ሥጋ፣ የቀረውን ሩብ ብቻ ሩዝ አድርጉት። ባስማቲ በአብዛኛው ከጃስሚን ይልቅ ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው ከፍ የሚያደርገው፤ ገለባው ያልተገፈፈው ኦሬዝ ማሌ ደግሞ ፋይበሩ ይበልጣል። ምስርን ከሩዝ ጋር አብሮ ማብሰልም ጥሩ ነው፤ ዓረቦችም አይሁድም መጀደራ ብለው ይበሉታል። መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን መጠኑን በራሱ አይቀይር፤ በኩፓት ሖሊም ያለውን ሐኪምና የምግብ ባለሙያ ይጠይቅ። ዕብራይስጥ የሚያስቸግራቸውን ወላጆች ልጅ ይዟቸው ይሂድ፤ በቤት ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ጭልፋ እንደሚበሉ በትክክል ይናገር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለአዛውንቱ ሩዝ ሲወጣ አንዱን ጭልፋ ቀንሶ በምትኩ ጎመን መጨመር ወጪ የለውም፣ አክብሮትም አይቀንስም።